ሁለተኛ መውጣት በጌጤ ዋሚ የሩጫ ታሪክ

የሩጫን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመዘግበው አንደኛ የወጣውን ብቻ ነው። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከጌጤ ዋሚ ሥራ ለመረዳት ይቻላል።

ጌጤ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በጫጫ ተወለደች። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣች፤ በነሐሴ 1991 ዓ.ም. በሴቪል በዚሁ ርቀት በ30 ደቂቃ ከ24.56 ሴኮንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ፥ በአምስት ቀን ልዩነት፥ በ5,000 ሜትር የነሐስ፥ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ አገኘች። የ10,000 ሜትሩን ወርቅ የወሰደችው ያገሯ ልጅ ደራርቱ ቱሉ ስለ ነበረች፥ በዚያ ቀን ብቻ የሚፈርድ ሰው ጌጤን ተሸናፊ ይላት ይሆናል።

እርሷ ግን ወደ ማራቶን ተሻገረች። የበርሊንን ማራቶን በመስከረም 1999 ዓ.ም. አሸነፈች፤ በመስከረም 2000 ዓ.ም.ም ደገመችው። ከሁለተኛው ድል በኋላ በ35ኛው ቀን በኒውዮርክ ሮጣ፥ በእንግሊዛዊቷ በፓውላ ራድክሊፍ በ23 ሴኮንድ ተቀደመች። ይሁን እንጂ የታላላቆቹ ማራቶኖች ነጥብ የሚደመረው ከሁለት ዓመት ውጤት ስለ ነበረ፥ ይኸው ሁለተኛ መውጣቷ ከላትቪያዊቷ ከየሌና ፕሮኮፕቹካ አስበልጦ የጠቅላላውን አሸናፊነትና 500,000 ዶላር አስገኘላት።

እንግዲህ የአንዲትን ሯጭ ማዕረግ ለመመዘን የአንድ ቀን ውጤት አይበቃም፤ የዘመኗን ሥራ ደምሮ ማየት ያስፈልጋል።