«ቲቸር፣ ለምን አይይዝም?» ለሚል የቆየ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡ። በተለይ በ2005 ዓ.ም. ኮምፒውተር ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ያለብኝ ዕዳ ነው።

ታስታውሱ እንደሆነ ያኔ ለትምህርት ቤታችን ያገለገሉ ላፕቶፖች በእርዳታ መጥተው ነበር። ያ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስ መቀመጫ መቆሚያ ስላሳጣን ዊንዶውሱን አጠፋሁና ኡቡንቱ ጫንኩባቸው። ማሽኖቹ ነፍስ ዘሩ፣ ፈጠኑ፣ ቫይረሱም ቀረ። ዋይፋይ ግን የለም። ከቢሮ የሚመጣውን ሲግናል ስልኮቻችን እየያዙት ላፕቶፖቹ ጭራሽ ዋይፋይ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አያውቁም። ሦስት ቀን ታገልኩ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ለምን አይይዝም?» ስትለኝ «ሊኑክስ ዋይፋይ አይሆንለትም» ብዬ ዘጋኋት። ላፕቶፖቹ ስቶር ገቡ። ልጅቷም ከዚያ በኋላ እጇን ስታወጣ ብዙ አላስታውስም።

መልሴ ውሸት ነበር። አውቄ አልዋሸሁም፣ ግን ውሸት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለን ቺፕ ለማዘዝ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የቺፑን ቋንቋ ማወቅ አለበት። አስተርጓሚው ድራይቨር ይባላል። ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ደግሞ የቺፑን ሰነድ ማየት ይፈልጋል፤ የትኛው ቁጥር የት ሲጻፍ ሬዲዮው ይበራል፣ የትኛው ሲጻፍ ቻናል ይቀይራል የሚለውን። የገመድ አልባ ኔትወርክ ስታንዳርዱ 802.11 እ.ኤ.አ. በ1997 ወጥቶ በ2003 ገደማ ላፕቶፕ ሁሉ ዋይፋይ ይዞ መሸጥ ሲጀምር፣ ብዙ ቺፕ አምራቾች ይህን ሰነድ ለዊንዶውስና ለማክ ድራይቨር ለሚጽፉት እንጂ ለሌላው አልሰጡም። ምክንያታቸው የሬዲዮ ሕግ ነው። ቺፑ በሶፍትዌር ስለሚታዘዝ አንዱ ተነስቶ ከተፈቀደው ኃይልና ፍሪኩዌንሲ ውጪ ቢያሰራጭስ? ምክንያቱ ባዶ አልነበረም። ግን እ.ኤ.አ. በ2008 አቴሮስ የተባለው አምራች ለአዲሶቹ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ሲለቅ ሰማይ አልተደፋም።

ከእነዚህ ታሪኮች እኔን ያስገረመኝ የብሮድኮም ቺፖች ታሪክ ነው። ቺፖቹ አፕል ኤርፖርት ኤክስትሪም ውስጥ፣ ብዙ ዴልና ኤችፒ ላፕቶፖች ውስጥ ነበሩ። ለሊኑክስ ላፕቶፕ ግን ድራይቨር የለም። አንዳንዱ ሰው ኤንዲአይኤስራፐር በሚባል ዘዴ የዊንዶውሱን ድራይቨር ሊኑክስ ውስጥ አስገብቶ ያሠራ ነበር። ሠራ ሲሉት ይሠራል፣ ቀጥ ሲል ደግሞ ምን እንዳጋጠመው ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ውስጡ አይታይማ።

አሁን ቀልዱን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሊንክሲስ ደብልዩአርቲ54ጂ የሚባል ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ወጣ። በዓመቱ ውስጥ ፕሮግራመሮች ሆዱን ሲከፍቱት ሊኑክስ ሆኖ ተገኘ! የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ለሰው ከሸጥክ ኮዱንም ስጥ ይላል። ጭቅጭቅ ተነሳና በ2003 ኩባንያው ኮዱን ለቀቀ። ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለው የራውተር ሲስተም የተወለደው ከዚያ ኮድ ነው። ነገር ግን የብሮድኮም ዋይፋይ ድራይቨር የተሰጠው በማሽን ቋንቋ እንደተዘጋ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ራውተር ሊኑክስ ሆኖ ከቺፑ ጋር ይነጋገራል፣ ጎኑ የተቀመጠው ላፕቶፕ ሊኑክስ ሆኖ ከዚያው ኩባንያ ቺፕ ጋር አይነጋገርም። ታዲያ «ሊኑክስ ዋይፋይ አይሆንለትም» ማለት ምን ማለት ነው? ሰነዱን አልሰጡትም ማለት ነው እንጂ!

በፈቃደኝነት የተሰባሰቡ ሰዎች ያን የተዘጋ የራውተር ድራይቨር ይዘው ተቀመጡ። ኮዱን ገልብጠው ቢጠቀሙ የቅጂ መብት ጥሰት ስለሆነ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የማሽን ቋንቋውን እያነበበ ቺፑ ምን እንደሚፈልግ በተራ ቋንቋ ጻፈ። ሌላው ቡድን የኩባንያውን ኮድ በዓይኑ ሳያይ፣ ያንን ጽሑፍ ብቻ አንብቦ አዲስ ድራይቨር ሠራ። በፈተና ጊዜ ስትኮራረጁ ለያዝኳችሁ ልጆች፣ እነዚህ ሰዎች ላለመኮረጅ ሲሉ ሥራቸውን እጥፍ አደረጉት። ውጤቱ በታኅሣሥ 2005 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ፣ በሰኔ 2006 የሊኑክስ ከርነል 2.6.17 ውስጥ ገባ። ቆይቶ ቢ43 በሚባል ተሻሽሎ ተተካ።

ጥላቻም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007 የኦፕንቢኤስዲ ሲስተም አንድ ፕሮግራመር ለዚሁ ቺፕ በሚጽፈው ድራይቨር ላይ ከሊኑክሱ የተወሰደ ኮድ ተገኘ። ኦፕንቢኤስዲ ከሊኑክስ የተለየ የዩኒክስ ዘር ነው፣ ፈቃዱም የተለየ ነው። የሊኑክሱ ጸሐፊ ሚካኤል ቡሽ ቅሬታውን ብዙ ሰው በሚያየው ኢሜይል ጻፈ። የኦፕንቢኤስዲ መሪ ቴዎ ደ ራት «በግል ብትነግሩት ምን ነበረበት?» ብሎ ተቆጣ። ፕሮግራመሩም ሥራውን ሰርዞ ተወው። በሕጉ ቡሽ ልክ ነበር። እንደ አስተማሪ ግን ሳየው ደ ራትም ልክ ነው፤ ሰውን በጉባኤ ፊት ማረም ምን እንደሚያስከትል እኔ በክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ።

እና ድራይቨሩ በ2006 ከገባ እኔ በ2005 ዓ.ም. ማለትም በ2013 ምን ሆኜ ነው ያልሠራልኝ? እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር። ብዙ የዋይፋይ ቺፖች ውስጣቸው ትንሽ ፕሮሰሰር አለ። ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ለዚያ ፕሮሰሰር ፈርምዌር የሚባል ኮድ መጫን አለበት። የእነዚህ የብሮድኮም ቺፖች ኮድ የኩባንያው ንብረት ስለሆነ ሊኑክስ አዘጋጆች በሲዲያቸው አድርገው ማደል አይፈቀድላቸውም ነበር። ለብሮድኮም የተገኘው መላ ተጠቃሚው ራሱ ከኩባንያው ድራይቨር ውስጥ ፈርምዌሩን ቆርጦ እንዲያወጣ ነው፤ ለዚህም መቁረጫ ፕሮግራም ተሠራ። ድራይቨሩን የምታወርደው ደግሞ ከኢንተርኔት ነው። ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ፣ ዋይፋይ ለማግኘት ኢንተርኔት! ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ብሮድኮም ራሱ ክፍት ድራይቨር ሲለቅ እንኳ የሸፈነው አዳዲሶቹን ቺፖች ነበር። በእርዳታ የሚመጣ ላፕቶፕ ደግሞ መቼም አዲስ አይሆንም።

ስለ አንድ ሰው ሳልናገር አላልፍም። ላሪ ፊንገር ይባላል። ሙያው የማዕድን ጥናት ነበር፤ ዋሽንግተን ይገኝ በነበረው የካርኔጊ ጂኦፊዚካል ላቦራቶሪ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ፊንገራይት የሚባል ማዕድን በስሙ ተሰይሟል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይበቃዋል። እሱ ግን ከጡረታ በኋላ ወደ ብሮድኮም ድራይቨር ገባ፣ ከዚያም ወደ ሪልቴክ ቺፖች፤ ለሊኑክስ ከርነል ከአንድ ሺህ በላይ ማሻሻያዎችን አበረከተ፣ «ዋይፋዬ አልይዝ አለ» ብሎ ለሚጽፍ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ይመልስ ነበር። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በ84 ዓመቱ አረፈ። እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ «አይሆንለትም» ብዬ የዘጋሁትን ነገር እሱ በሰባዎቹ ዕድሜው በየቀኑ ይሠራበት ነበር።

ባለፈው ክረምት ስቶሩ ሲጸዳ ከላፕቶፖቹ ሁለቱ አሁንም አሉ። ወሰድኳቸው። በመጀመሪያው ላይ ያኔ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ኤልኤስፒሲአይ ብዬ የቺፑን ስም አየሁ፤ ሃርድዌሩ አለ። ዲሜሴጅ ብዬ ከርነሉ ሲነሳ ያለውን አነበብኩ፤ «ፈርምዌር ፋይሉ አልተገኘም» ይላል፣ ቁልጭ ብሎ። ያኔም ይል ነበር፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። የኔትወርክ ገመድ ሰካሁ፣ ፈርምዌሩን አወረድኩ፣ ያዘ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ!

ሁለተኛው ግን ፈርምዌሩም ገብቶለት አሻፈረኝ አለ። አርኤፍኪል የሚለውን ትዕዛዝ ሰጠሁት፤ ሬዲዮው የታገደው በሶፍትዌር ሳይሆን በሃርድዌር ነው አለኝ። ላፕቶፑን ገለበጥኩት፣ ጎኑን ዳሰስኩ። የጥፍር ያህል የምትሆን ስዊች አለች፣ የአንቴና ምልክት የተሳለባት። ገፋ አደረግኳት፣ መብራቷ በራች።

ከኋላ ወንበር የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ይሄን የምታነቢ ከሆነ አንደኛው ላፕቶፕ ፈርምዌር ስላልነበረው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቲቸርሽ ስዊቹን ስላላየ ነው።