ስሙ ከውጭ፣ ግሱ ከቤት

«አንሳኝ» የሚለውን ቃል ሕፃን ልጅ ለአባቱ ሲለው ሁለት ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ነው። ያው ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላውና ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው በሰፈሩ ሲያልፍ ሲያይ «ጋሼ፣ አንሳኝ!» ይላል፤ አሁን ግን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ነው። ለትርፍ ጊዜው ፎቶ የሚያነሳ ሰው በየመንደሩ ይህን ቃል የሚያህል የሚሰማው የለም።

እንግሊዙ ፎቶ «ይወስዳል»፣ ሲያሻውም «ይተኩሳል»። ፈረንሳዩም ይወስዳል። እኛ እናነሳለን። ለምን ማንሳት ሆነ? ወደ ግእዙ ወረድ ማለት ያስፈልጋል። ነሥአ በግእዝ ወሰደ፣ ያዘ፣ ተቀበለ ነው። ተንሥአ ደግሞ ከተኛበት ወይም ከሞት ተነሳ ነው፤ ትንሣኤ የተገኘው ከዚሁ ነው፤ ዲያቆኑ በቅዳሴ ላይ «ተንሥኡ» ሲልም ይህንኑ ግስ ነው የሚጠራው። የዕብራይስጡ ዘመዱ «ናሳ» ተሸከመ፣ ከፍ አደረገ ማለት ነው። መውሰድና ከፍ ማድረግ ከጥንት አንድ ሥር ላይ የበቀሉ ናቸው። አማርኛ ሲወርስ ውርሱን ከፋፈለው፦ ነሳ ከለከለ፣ አሳጣ ሆነ (እንቅልፍ ነሳኝ፣ ፋታ ነሳኝ እንላለን)፤ ተነሳ ቆመ፣ አነሳ ደግሞ ከወደቀበት ብድግ አደረገ። ስለዚህ የእንግሊዙ «መውሰድ»ና የኛ «ማንሳት» መጀመሪያ እንደሚታየው የተራራቁ አይደሉም፤ ግእዙ ሁለቱንም ይይዛቸዋል። ካፌ ከተቀመጡ ጓደኛሞች መካከል አንዱ «እንነሳ» ቢል ግማሹ ጃኬቱን፣ ግማሹ ስልኩን የሚፈልገው በዚሁ ግስ ሰፊነት ነው።

የሙያውን ቃላት ልብ ብሎ ላየ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ስሞቹ በሙሉ ማለት ይቻላል እንግዶች ናቸው፦ ፎቶ፣ ካሜራ፣ ሌንስ፣ ፊልም፣ ፍላሽ፣ ኔጋቲቭ። ዕቃው ከውጭ ስለመጣ ስሙን ይዞ መጣ፤ የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎችም አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነበር፣ ልጆቹ ሀይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰዋል። ግሶቹን ግን አማርኛ ለማንም አልለቀቀም። ፎቶ ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ይጎላል፣ ፊልም ይቃጠላል። ለሥራ ማመልከቻ የሚጠየቀው «ጉርድ ፎቶ» እንኳ ከመጉረድ የመጣ ነው፤ ጉርድ ቀሚስና ጉርድ በርሜል ከሚሉት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ከደረት በታች ያለው ሰው ተቆርጦ ቀርቷልና።

ወደ እንግዶቹ ስሞች እንግባ። «ካሜራ» ከዐረብኛ «ቁምራ» የመጣ ነው፣ ያመጣውም የብርሃን ሊቁ ኢብን አልሃይተም ነው የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። ሊቁ በቀዳዳ በኩል የሚገባ ብርሃን ምስል እንዴት እንደሚሠራ በ11ኛው መቶ ዘመን መመርመሩ እውነት ነው፤ ክብር ይገባዋል። ቃሉ ግን የእርሱ አይደለም። ሮማውያን «ካሜራ»ን ጣሪያው እንደ ቅስት ለጎበጠ ክፍል ከእርሱ 1000 ዓመት ያህል ቀድመው ይጠቀሙበት ነበር፤ እነርሱም ከግሪክ ነው የወሰዱት። የሰማይ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1604 «ካሜራ ኦብስኩራ» ሲል «ጨለማ ክፍል» ማለቱ ነው፤ ሁለተኛው ቃል በጊዜ ብዛት ወደቀና ዛሬ አንገታችን ላይ የምናንጠለጥለው «ክፍል» ብቻ ሆነ። በነገራችን ላይ «ኮምሬድ» የሚለው ቃልም የዚሁ ቤት ልጅ ነው፤ ስፔኖች በአንድ ክፍል አብሮ የሚያድርን ሰው «ካማራዳ» ይሉት ነበር። በደርግ ዘመን «ጓድ» ተብሎ የተጠራ ሁሉ ሳያውቀው ከካሜራ ጋር ዘመድ ነበር ማለት ነው።

ክፍሉ ውስጥ ምን አለ? ምስር። «ሌንስ» በላቲን ምስር ነው፣ የምንከካውና ወጥ የምንሠራው ምስር፤ መስተዋቱ በሁለት በኩል ስላበጠ ስሙን ከፍሬው ወሰደ። ዐረቦችም ለሁለቱ ተቀራራቢ ቃል አላቸው፦ ምስሩ «ዐደስ»፣ ሌንሱ «ዐደሳ»። ከምስሩ አጠገብ ደግሞ ምድጃው አለ፤ «ፎከስ» በላቲን ምድጃ ነው፣ ለብርሃን ነገር ያዋለውም ያው ኬፕለር በዚያው ዓመት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት በማጉያ መነጽር ወረቀት ያቃጠለ ተማሪ መሆን ይበቃል። መነጽሩን ከወረቀቱ ጥቂት ሲያርቁት ክቡ ብርሃን ሰፊና ደብዛዛ ነው። ራቅ ሲያደርጉት ይጠባል፤ ትንሽ ራቅ፣ አሁንም ትንሽ፤ የጤፍ ቅንጣት ሲያክል ወረቀቱ ይጠቁርና ክር የመሰለ ጭስ ይወጣል። ከዚያ በላይ ቢያርቁት ተመልሶ ይሰፋል፣ ጭሱም ይጠፋል። እሳቱ የነደደበት ያ ርቀት ፎከስ ነው። ጀማሪ የሌንሱን ቀለበት ወዲያና ወዲህ እያዞረ የሰው ዓይን ጥርት የሚልበትን ቦታ ሲፈልግ ይኸው ምድጃ ጠፍቶት ነው። ራሱ የሚያስተካክል ካሜራ ይህን ፍለጋ አስቀርቶታል፤ እኔ ግን ቀለበቱን በእጅ ያላዞረ ሰው ፎከስ ምን እንደሆነ ገብቶታል ብዬ አላምንም።

ስለ ምድጃው አብዝተው ከተሟገቱት ጀማሪዎች አንዷ እንግሊዛዊቷ ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1863፣ በ48 ዓመታቸው፣ ልጃቸውና አማቻቸው ካሜራ ሰጧቸው። የከሰል ማስቀመጫቸውን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮ ቤታቸውን ስቱዲዮ አድርገው ሥራ ጀመሩ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደውን የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን በዋይት ደሴት ፎቶ ያነሱትም እርሳቸው ናቸው። ነቃፊዎቻቸው ፎቷቸው ፎከስ የለውም እያሉ ያሾፉባቸው ነበር፤ እርሳቸውም ለወዳጃቸው ለሰር ጆን ኸርሸል በጻፉት ደብዳቤ ትክክለኛውን ፎከስ የመወሰን መብት የማነው ብለው ጠይቀዋል። ስማቸውን ያየ ሰው «ካሜሮን ከካሜራ ነው» ለማለት ይቸኩላል። አይደለም፤ የባላቸው የስኮትላንድ ቤተሰብ ስም ነው፣ በጌሊክ «ጠማማ አፍንጫ» እንደማለት ነው የሚባለው።

እኛም ጋ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። አማተር ፎቶ አንሺ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ያማትራል፤ ግራ ቀኝ፣ ሩቅ ቅርብ ያያል። «አማተር» ከ«አማተረ» ነው ቢሉ ልብ ይቀበለዋል። ነገር ግን አማተር በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ወዳጅ፣ አፍቃሪ። ሁለቱ በመንገድ የተገናኙ መንገደኞች ናቸው። ሥርወ ቃል የሚወድ ሰው ድምፅ ሲገጥምለት ደስ ከማለቱ በፊት ዘመኑንና መንገዱን መጠየቅ አለበት፤ ደስታው ግን አይቀርም።

ኸርሸል የተጠቀሱት በከንቱ አይደለም። «ፎቶግራፊ» የሚለውን ቃል መጋቢት 14 ቀን 1839 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረቡት ጽሑፍ ያስታወቁት እርሳቸው ናቸው፤ ከግሪክ «ብርሃን»ና «መጻፍ» የተገጠመ ነው። «ኔጋቲቭ»ም ለዚህ ሙያ የዋለው በእርሳቸው ነው። ከሁለቱ ቃላት ይልቅ ትልቁ ውለታቸው ግን ባለሙያ «ሃይፖ» የሚለው ውሕድ ነው። የብር ጨውን እንደሚያሟሟ ገና በ1819 ደርሰውበት ነበር።

ሃይፖ የሚያስፈልገው ፎቶ ሲታጠብ ነው፤ እዚህ ላይ አማርኛ ያስደንቀኛል። እንግሊዝኛ ፊልሙን «ዴቨሎፕ» ያደርጋል፣ ሥሩ የተጠቀለለን መፍታት ነው። ዐረብኛ «ተህሚድ» ይላል፣ በአሲድ ማኮምጠጥ። አማርኛ ያጥባል። በቀይ አምፖል ሥር ወረቀቱ መጀመሪያ ዝርግ ሳህን ውስጥ ይገባል፤ ሳህኑን በቀስታ እያወዛወዙ ሲጠብቁ ባዶው ነጭ ላይ መጀመሪያ ፀጉር፣ ቀጥሎ የዓይን ጥቁረት፣ በመጨረሻ የጉንጭ ጥላ ይወጣል። ከዚያ በመቆንጠጫ ይዘው ወደ ማስቆሚያው፣ ቀጥሎ ወደ ሃይፖው ይወስዱታል፤ ሃይፖው ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው ጠርጎ ያወጣል። መጨረሻ ላይ በሚፈስ ውሃ በደንብ ይለቀለቃል፤ ሃይፖው ካልወጣለት ፎቶው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆናል። ሥራውን ቆሞ ላየ ሰው ከ«ማጠብ» የተሻለ ቃል አይገኝም።

ቃሉ ውሃውን አልፎ ኖሯል። ዛሬ በየሰፈሩ ያለው ፎቶ ቤት ቀለም የሚረጭ ማተሚያና ኮምፒውተር ብቻ ነው ያለው፤ ሳህንም ቧንቧም የለ። ቢሆንም ደንበኛው ስልኩን እያወጣ «አሥሩን ብቻ እጠብልኝ» ይላል፤ ባለፎቶ ቤቱም «በቴሌግራም ላክልኝ» ብሎ ቁጥሩን ይነግረዋል።