አዶኒስና የሰቆጣ ማር

አፌን የፈታሁት በሰቆጣ ነጭ ማር ጠጅ ነውና በወይን ጠጅ ነገር ጀማሪ ነኝ። ሰሞኑን የቀመስኩት አዶኒስ የሚሉት ጥንታዊ ኮክቴል ግን ብዙም እንግዳ አልሆነብኝም። አዶኒስ ሼሪና ጣፋጭ ቬርሙት ተቀላቅለው የሚቀርቡበት መጠጥ ሲሆን፣ ሁለቱም አልኮል የተጨመረባቸው ወይን ጠጆች ናቸው። ቬርሙት ስሙን ያገኘው ከአሪቲ ወገን ከሆነ መራራ ተክል የጀርመንኛ መጠሪያ ነው። ጣፋጩን በምሬት መግታት፣ ጌሾ ማሩ ላይ የሚሠራው ሥራ መሆኑ ነው።

ልዩነቱ ሕጉ ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የ2014 (እ.ኤ.አ.) ደንብ መሠረት፣ ከይዘቱ ቢያንስ 75 በመቶው የወይን ምርት ያልሆነ፣ አርቴሚሲያ ያልገባበት መጠጥ ቬርሙት ተብሎ አይሸጥም። እኛ ዘንድ በስኳር የተጣለውም በማር የተጣለውም እኩል «ጠጅ» ይባላል፤ የዋግ ንብ አርቢ ነጭ ማሩን ይዞ ከስኳር ጋር ዋጋ ይጋፋል። ብርሌ ላይ ደግሞ የሚነበብ ጽሑፍ የለም።