ኑሹዝ

ኑሹዝ ከፍ ማለትን ወይም ከስፍራ መነሣትን ከሚያመለክት የዐረብኛ ሥር የወጣ ቃል ሲሆን፣ በእስልምና የቤተሰብ ሕግ የትዳርን ግዴታ አልፈጽምም ማለትን ይገልጻል። «የሚስት አለመታዘዝ» ብሎ ብቻ መፍታት ግን ጎደሎ ነው፤ ቁርኣን በአን-ኒሳእ ሱራ ቁጥር 34 የሚስትን፣ በቁጥር 128 ደግሞ የባልን ኑሹዝ ያነሣልና። በፍርድ ቤት ዋነኛ ውጤቱ የነፈቃ፣ ማለትም ባል ለሚስቱ የሚሰጠው ቀለብ መቋረጥ ሲሆን፣ በሐነፊ መዝሀብ (የሕግ አስተምህሮ) ይህ የሚያገኛት በተለይ ያለ በቂ ምክንያት ከባሏ ቤት የወጣችን ሚስት ነው።

በግብፅ ሚስትን በፖሊስ አስገድዶ ወደ «በይት አጥ-ጣዓ» (የታዛዥነት ቤት) መመለስ በ1967 እ.ኤ.አ. ቢቀርም፣ በ1985 የወጣው ሕግ ቁጥር 100 ባል በፍርድ ቤት መልእክተኛ በኩል የመመለሻ ጥሪ እንዲያደርስ፣ እርሷም በ30 ቀን ውስጥ ካልተቃወመች ቀለቧ እንዲቋረጥ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ቃሉ እዚያ ከሥነ ምግባር ነቀፌታ ይልቅ የገንዘብ ክርክር መነሻ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማሌዥያም በ1984 የፌዴራል ግዛቶች ሕጓ ተመሳሳይ መንገድ ተከትላለች። ቱኒዚያ በ1993፣ ሞሮኮ ደግሞ በ2004 የሚስትን የመታዘዝ ግዴታ ከሕጋቸው አውጥተዋል።