ከመባ በፊት እርቅ፦ የአንደበት ሥርዓት ከዲድስቅልያ እስከ ጽዋ ማኅበር

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ወንድሙን የሚሰድብ ሰው ፍርድ እንደሚጠብቀው ከተነገረ በኋላ፣ መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ቢያስታውስ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዝዟል። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን ትእዛዝ ለምእመናን ልቡና ብቻ ሳትተው ቀን ቆረጠችለት፣ ዳኛ አስቀመጠችለት፣ በጉባኤ መካከልም ጮኾ የሚያስታውስ አገልጋይ ሾመችለት። በጎ አነጋገር ከክርስቲያናዊ ኑሮ ጋር የተሳሰረበት ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ሥርዓት ታሪክ ነው።

ከሥርዓቱ ቀደምት ምስክሮች አንዱ ዲድስቅልያ፣ ማለትም የሐዋርያት ትምህርት ተብሎ የሚታወቀው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ሲሆን፣ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሶርያ ምድር በግሪክ ቋንቋ ተዘጋጅቶ፣ ኋላም እየሰፋና እየተለወጠ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ተመልሷል። መጽሐፉ ጳጳሱ ከቀሳውስትና ከዲያቆናት ጋር ተቀምጦ የምእመናንን ጠብ የሚሰማበትን ቀን ሰኞ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም በፍርዱ የሚያጉረመርም ቢኖር እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ነገሩን ለማብረድ ጊዜ እንዲገኝና ሁለቱም ወገኖች እሑድ ታርቀው ወደ ቍርባን እንዲቀርቡ ነው። ችሎቱ ዓርብ ቢሆን ኖሮ የተፈረደበት ሰው ቁጣው ሳይበርድለት በማግሥቱ ማግሥት ከባላጋራው ጎን ይቆም ነበርና፣ ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች የሰውን ጠባይ በሚገባ የሚያውቁ እንደነበሩ መገመት አያዳግትም። ይህም አልበቃ ብሎ፣ በጸሎቱ ሰዓት ዲያቆኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ በባልንጀራው ላይ ቂም የያዘ ሰው እንዳይኖር እንዲያሳስብ ታዟል።

ከዚህ ማሳሰቢያ ጋር የሚሄደው አምኃ፣ ማለትም ምእመናን እርስ በርስ የሚለዋወጡት የሰላም ሰላምታ ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሮም ስለነበረው የክርስቲያኖች ጉባኤ ሲጽፍ፣ ከጸሎት በኋላና ኅብስቱና ጽዋው ከመቅረቡ በፊት ምእመናን በመሳሳም ሰላም እንደሚባባሉ ገልጿል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴም ጸሎተ አምኃ ከፍሬ ቅዳሴ በፊት የሚደርስ ሲሆን፣ ዛሬ ምእመናን በግራና በቀኝ ላሉት እጅ በመንሣት ሰላምታውን ይፈጽሙታል።

ስድብ ተሰዳቢው ፊት ለፊት ስላለ በሰላምታና በዳኝነት ሊታረም ይችላል፤ ሐሜት ግን የሚታማው ሰው በሌለበት የሚፈጸም በመሆኑ ለሥርዓት አስቸጋሪ ነው። ለዚህ ችግር የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ (እ.ኤ.አ. 354–430) የወሰደው እርምጃ የሕይወት ታሪኩን በጻፈው በደቀ መዝሙሩ በፖሲድዮስ ተመዝግቧል። ዛሬ አናባ በምትባለው የአልጄሪያ ከተማ በነበረው ቤቱ የእንግዶቹ ማንኪያ የብር፣ ሌላው ዕቃ ግን የሸክላ፣ የእንጨት ወይም የእብነ በረድ ነበር፤ የሌለን ሰው በሐሜት የሚነካ ከዚያ ማዕድ ድርሻ እንደሌለው የሚያስጠነቅቅ ግጥምም ተጽፎ ነበር። የቅርብ ወዳጆቹ የሆኑ ጳጳሳት አንድ ቀን ይህን ሲዘነጉ አውግስጢኖስ ተቆጥቶ፣ ወይ ጽሑፉ መፋቅ እንዳለበት፣ ወይ እሱ ማዕዱን ትቶ ወደ ክፍሉ እንደሚገባ ነግሯቸዋል። እንግዳን ከማስከፋት ሐሜትን ዝም ብሎ መስማት ይብሳል ብሎ የፈረደ አስተናጋጅ በየዘመኑ ብርቅ ነው።

በኢትዮጵያ ማዕድንና አንደበትን በአንድነት የያዘው ጽዋ ማኅበር ነው። ጽዋ ማኅበር አንድን ቅዱስ ለመዘከር የተሰባሰቡ ሰዎች በየወሩ በተራ በአባላት ቤት የሚያደርጉት ዝክር ሲሆን፣ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን እያለ ቀኑን ይከተላል፤ በሰንበት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚደረገው ደግሞ ሰንበቴ ይባላል። ዳቦውንና ጠላውን ቄስ ይባርካል፣ ሥነ ሥርዓቱን ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ይመራል፣ የወሩ ባለተራም ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ማኅበርተኞች እንደ ሥጋ ዘመድ ስለሚተያዩ የተኳረፉ አባላት አንድ ጽዋ መጠጣታቸው ነውር ነው፤ ስለዚህ ክፉ ቃል የተለዋወጡትን ማስታረቅ የሙሴው፣ የቄሱና የሽማግሎች ድርሻ ሆኖ ኖሯል። ጥፋቱ ሲከብድ በዳይ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል፤ ተበዳይም ስለ እግዚአብሔር ብሎ ይቅር እንዲል ይለመናል፣ እምቢ ካለም ግዝት፣ ማለትም የካህን የውግዘት ቃል፣ ሊከተለው ይችላል።

ይህ አሠራር ጉድለት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ጉባኤው እርቅ እንዲፋጠን ስለሚፈልግ ሸክሙ ብዙ ጊዜ አቅም በሌለው ወገን ላይ ይወድቃል፤ የተገፋው ሰው ቅሬታውን ሳይጨርስ ይቅር ባይ እንዲሆን መገደዱም ቂሙን ከማውጣት ይልቅ ይሸፍነዋል። ሐሜትን የሚከለክለው ማኅበር ራሱ፣ ጠላው ሲደጋገም፣ የሐሜት ቦታ መሆኑም የታወቀ ነው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ ሰው ከተማ ሲገባ ማኅበሩም አብሮት ገባ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ከተሰደዱት ጋር ተሻግሮ፣ የዕለቱ ዝክር ለሥራ እንዲመች ወደ ቅዳሜና እሑድ የሚዛወርበት ጊዜ መጣ። በቃል ይተላለፍ የነበረው ልማድ በብዙ ቦታ የጽሑፍ መተዳደሪያ ደንብ ሆነ፣ የግዝትን ስፍራም በአመዛኙ መቀጮ ወሰደው። መቀጮ ግን ገንዘቡን ከፍሎ ኩርፊያውን ይዞ መቀመጥ የሚቻልበት ቅጣት በመሆኑ፣ ገንዘቡን ሒሳብ ያዥ ቢሰበስበውም፣ ሁለቱን ሰዎች የማነጋገሩ ሥራ አሁንም በቄሱና በሽማግሎቹ እጅ ቀርቷል።