አዲስ መደብ የሚሰጠውና የሚነጥቀው፦ ስለ ሚና ጨዋታ ታሪክ የተደረገ ንግግር



በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄደውን የሚና ጨዋታ ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አንድ አጫዋች ምናባዊውን ዓለም ይተርካል፤ ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን በዳይስ ይወሰናል። የገጸ ባሕርዩን ሙያና ችሎታ የሚወስነውን ክፍል «መደብ» እለዋለሁ። ቃሉ በአማርኛ ለኅብረተሰብ ክፍልም፣ በቤት ውስጥ ለምንቀመጥበት የጭቃ መደብም፣ ለጎመን መትከያም ያገለግላል። ለዛሬው ጉዳዬ የሚስማማኝ የጓሮው ነው፤ ለአንዱ ተክል ቦታ ሲሰጥ ሌላውን ይከልላልና።

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በ1974 ሲታተም (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሦስት መደቦች ብቻ ነበሩት፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ከሦስቱ አመጣጡ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የካህኑ ነው። ከደራሲዎቹ አንዱ የሆነው ዴቭ አርንሰን በሚኒሶታ ይመራው በነበረው ብላክሙር በተባለ ጨዋታ፣ ቫምፓየር የሆነ የአንድ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ኃይሉ ከልክ አለፈ። እርሱን የሚገታ ስለታጣ ቫምፓየር አዳኝ ካህን ተፈጠረ፤ አርአያዎቹም የዘመኑ የእንግሊዝ አስፈሪ ፊልሞች ነበሩ። ወደ መጽሐፉ ሲገባ ግን ሌላ ልብስ ደረበ። የታተመው ካህን ስለት ያለው መሣሪያ አይዝም፤ ከሚፈጽማቸው ተአምራት መካከልም በትርን ወደ እባብ መለወጥና የነፍሳት መንጋ ማስነሣት ይገኙበታል። ኦሪት ዘጸአትን ያነበበ ሰው ምንጩን ለማወቅ አይቸገርም። ቁስለኛን መፈወስም የእርሱ ድርሻ ሆነ፤ ይህ ርስት ለብዙ ዘመን ከካህኑ ጋር ተጣብቆ ቆይቷል።

ሌባው የመጣው በ1975፣ ግሬይሃውክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ተጫዋች «ከምሰሶው ጀርባ እደበቃለሁ» ቢል አጫዋቹ ሁኔታውን አይቶ ይፈርድ ነበር። ሌባው ሲመጣ በጥላ ውስጥ መደበቅ በመቶኛ የሚለካ የሌባው ችሎታ ሆነ፤ ያውም ለጀማሪው ሌባ የሚሳካለት ከ100 10 ጊዜ ብቻ ነው! ታዲያ ተዋጊው መደበቅ ቢፈልግስ? መጽሐፉ ለእርሱ ቁጥር አልሰጠውም፤ ዝምታውን እንደ ክልከላ ማንበብ ቀላል ነበር። በእኔ እይታ ሌባው እጅግ የተወደደ፣ እጅግም ያስከፈለ ፈጠራ ነው። የሁሉም የነበረውን አጥሮ ለአንድ ሰጠ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ፓላዲን፣ መነኩሴና ድሩይድ ተከተሉ፤ አልፋቸዋለሁ። አጥሩን ጨርሶ ያፈረሱም ነበሩ፤ በ1978 የታተመው ሩንክዌስት መደብ የሚባል ነገር የለውም፣ ክህሎት በመሥራት ይዳብራል።

ይሁንና መደብን ሳያፈርሱ አጥርን ማንቀሳቀስ እንደሚቻል ያሳየው፣ በ2008 በወጣው አራተኛው እትም የቀረበው ወርሎርድ ነው፤ «አዝማች» ብዬ እተረጉመዋለሁ። አዝማቹ አስማትም ጸሎትም የለውም። ጓዶቹን በትእዛዝና በማበረታቻ ቃል ያነሣል፤ የወደቀውም የሕይወት ነጥቡ ተመልሶለት ይቆማል። «ጩኸት ቁስል ይዘጋል ወይ?» የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ጋሪ ጋይጋክስ በ1979 ባሳተመው የአጫዋቾች መመሪያ፣ የሕይወት ነጥብ የሥጋ ጉዳት ብቻ ሳይሆን የውጊያ ብልሃትና የዕድል መለኪያም እንደሆነ አስረድቷል። የተሰበረው ወኔ ከሆነ፣ ወኔን ቃል ይጠግነዋል። ሌባው የሁሉንም ለአንድ ሲያጥር፣ አዝማቹ በተቃራኒው ከካህኑ እጅ ፈውስን ወስዶ አካፈለ፤ ተጫዋቾች ያለ ካህን ጉዞ መጀመር ቻሉ።

የ2014ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ አዝማቹን ራሱን የቻለ መደብ አድርጎ አላካተተውም። የማዘዝ ጥበቡ በከፊል ከተዋጊው ዘርፎች በአንዱ ሥር ገባ፤ ፈውሱ ግን በአመዛኙ ወደ አስማት ተመለሰ። ጥያቄ ካላችሁ ከዚህ እንቀጥል።