ኢንተርኔት ቤት ኢሜይል ከፍታችሁ ስትወጡ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ይቀራል?

ከዓሊ አዴ ወይም ከሆልሆል ካምፕ ተነስታችሁ ጅቡቲ ከተማ መጣችሁ እንበል። ካርቲየ 5 አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ የቀጠሮ ደብዳቤያችሁን ከኢሜይል አወጣችሁ፣ ፕሪንት አደረጋችሁ፣ ሂሳብ ከፍላችሁ ሄዳችሁ። ወረቀቱ በእጃችሁ ነው። ስማችሁ፣ የፋይል ቁጥራችሁና የልጆቻችሁ የትውልድ ቀን ያለበት ሌላ ቅጂ ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል። ያንን ያገኘ ሰው «ጉዳይህን ላስጨርስልህ» ብሎ ደውሎ ገንዘብ ለመጠየቅ በቂ መረጃ አለው።

የሚቀረው ነገር ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛ፣ ጊዜያዊ ፋይል። ክሮም፣ ፋየርፎክስና ኤጅ ገጹን በሌላ ጊዜ ቶሎ ለማሳየት ሲሉ ምስሎችንና የገጹን ክፍሎች ዲስክ ላይ ያስቀምጣሉ። ካሽ የሚባለው ይሄ ነው። መስኮቱን ስለዘጋችሁ ብቻ አይጠፋም። ሆኖም አባሪውን ሳታወርዱ እዚያው ጂሜይል ገጽ ላይ ካነበባችሁት፣ የሚቀረውን ተራ ሰው በቀላሉ አያገኘውም።

ሁለተኛ፣ የወረደ ፋይል። ትልቁ አደጋ እዚህ ጋ ነው። ዳውንሎድ ያደረጋችሁት ደብዳቤ ሰው እስኪያጠፋው ድረስ ፎልደሩ ውስጥ ይቀመጣል፤ ማንም ከፍቶ ያነበዋል። «እኔ እኮ ከፈትኩት እንጂ አላወረድኩትም» አትበሉ። ፋየርፎክስ ድሮ ለማየት ብቻ የተከፈተን ፋይል ጊዜያዊ ቦታ ያስቀምጠው ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 98ኛው ቅጂ ወዲህ ግን እሱንም ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስገባው።

ሦስተኛ፣ ሳይዘጋ የቀረ አካውንት። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የኢሜይል ሳጥናችሁን በሙሉ ያያል።

ምን እናድርግ?

ሲጀመር፦ የግል መስኮት ክፈቱ። ክሮምና ኤጅ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን፤ ፋየርፎክስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ አንድ ላይ ይጫናሉ። የግል መስኮቶቹ በሙሉ ሲዘጉ ታሪኩና ጊዜያዊ ፋይሉ ይጠፋል። ልብ በሉ፦ የወረደው ፋይል ግን አይጠፋም።

ፕሪንት ካደረጋችሁ በኋላ፦ ኮምፒውተሩ በፈረንሳይኛ ከሆነ ፎልደሩ «ቴሌሻርዥማን» ይባላል። ፋይሉን ምረጡና ሺፍትን ይዛችሁ «ሱፕር» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ሺፍት ካልያዛችሁ ፋይሉ «ኮርቤይ» ወደሚባለው ቆሻሻ መጣያ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ ደግሞ መልሶ ማውጣት ይቻላል።

የግል መስኮት መክፈት ከረሳችሁ፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሱፕርን አንድ ላይ ስትጫኑ ማጽጃው ይመጣል። የቆያችሁበትን ሰዓት መርጣችሁ አጽዱ። ከዚያ አካውንቱን «ሰ ዴኮኔክቴ» ብላችሁ ውጡ።

ሳትዘጉ ወጥታችሁ ከሆነ፦ አትደንግጡ። በሌላ ኮምፒውተር ጂሜይል ከፍታችሁ፣ ከገጹ ግርጌ በስተቀኝ ዝርዝር የሚለውን ነክታችሁ ሌሎቹን በሙሉ ማስወጣት ትችላላችሁ። ከዚያ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ።

ለባለቤቱ በዋትሳፕ ልካችሁለት ከሆነ፦ ቅጂው እሱ ስልክ ላይ አለ። ሳትወጡ «ለሁሉም አጥፋ» በሉት፤ ኮምፒውተሩ ላይ አውርዶት ከሆነም ፊታችሁ እንዲያጠፋው ጠይቁት። ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም።

በመጨረሻም፣ የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት በሙሉ በነጻ ነው። የፋይል ቁጥራችሁን በትክክል ጠርቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢደውልላችሁ፣ ቁጥሩን ስላወቀ ብቻ ከቢሮ ነው ብላችሁ አትመኑ። አትክፈሉ፣ ለቢሮው አሳውቁ።